ከጂቡቲ እስከ አዲስ አበባ፦ አንዲት መኪና በስንት እጅ ታልፋለች?



 የዛሬው ርእሴ ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። አንዲት መኪና ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ሩቅ ከተማ እንዴት ትጓጓዛለች? ሁለቱ ከተሞች ጂቡቲና አዲስ አበባ ናቸው። በጋላፊ በኩል በሚመጣው የመኪና መንገድ በመካከላቸው 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት አለ። እኔ ግን ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ፣ ይህ ርቀት ከኪሎ ሜትር ይልቅ በርክክብ ሊለካ ይገባዋል የሚል ነው። መኪና የምትጎዳውና የምትጎድለው በመንገድ ላይ ቢሆንም፣ ጉዳቱ ባለቤት የሚያጣው ግን ከእጅ ወደ እጅ በምትተላለፍበት ቅጽበት ነው።

ከታሪኩ ልነሣ። መኪና በዚህ አቅጣጫ ወደ መናገሻዪቱ ከተማ የገባችው በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በአገሩ የተሠራች መኪና ይዞ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ አዲስ አበባ ደረሰ። ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በዚያን ጊዜ ገና ከድሬ ዳዋ አላለፈም ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ለመኪና የተሠራ መንገድ ባልነበረበት በረሓና ዳገት ያቺ መኪና ያየችውን መከራ መገመት አያዳግትም። ይሁን እንጂ ከዛሬዎቹ መኪናዎች የምትለይበት አንድ ዕድል ነበራት፤ ከመነሻዋ እስከ መድረሻዋ ያልተለያት አንድ ባለ አደራ። አንድ ነገር ቢሰበርባት ተጠያቂውን ለማወቅ ሰነድ መመርመር አያስፈልግም ነበር።

ዛሬ መንገዱ ተሻሽሎአል፤ ባለ አደራው ግን በዝቶአል። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ በአሰብ ይገባ የነበረው ዕቃ ወደ ጂቡቲ ሲዞር፣ መኪናውም አብሮ ዞረ። ከወደብ የወጣች መኪና ወደ መሐል አገር የምትመጣባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው በራሷ ጎማ እየተነዳች መምጣት ነው፤ አስመጪዎች ሾፌር ቀጥረው፣ መኪናዎቹን በሰልፍ አስነድተው የሚያመጡበት ዘመን ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ነው። ሁለተኛው በሎቤድ ወይም መኪና ለመጫን በተሠራ ተጎታች ላይ ተጭና መምጣት ነው። ሦስተኛው በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት በጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር መምጣት ነው።

እያንዳንዱ የራሱ ዋጋ አለው። እየተነዳች የምትመጣ መኪና ከባሕር ወለል ተነሥታ የአፋርን ሙቀት አቋርጣ፣ ከአዋሽ እስከ አዳማ፣ ከአዳማ እስከ አዲስ አበባ ዳገቱን ትወጣለች። ስትደርስ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል። አዲስ ነች ተብላ የተገዛች መኪና ባለቤቷ ሳይቀመጥባት ጎማዋ፣ ፍሬኗና ሞተሯ 900 ኪሎ ሜትር ሠርተዋል ማለት ነው። ተጭና የምትመጣው ደግሞ ከዚህ ድካም ትድናለች፤ ነገር ግን ወደ ተጎታቹ ስትወጣና ስትወርድ ሆዷ ሊጫር፣ የታሰረችበት ገመድ ሲላላ ከጎኗ ካለው ብረት ልትጋጭ፣ ከፊት ከሚሄድ ከባድ መኪና በሚፈናጠር ጠጠር መስተዋቷ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አሁን ርክክቡን አብረን እንቁጠር። ሻጩ መኪናዋን ለላኪው ወደብ ያስረክባል፤ አንድ። ወደቡ ለመርከቡ ያስረክባል፤ ሁለት። መርከቡ ለጂቡቲ ወደብ፤ ሦስት። ወደቡ በትራንዚተሩ አማካይነት ለጭነት መኪናው፤ አራት። ጭነት መኪናው ለጉምሩክ ጣቢያ ወይም ለደረቅ ወደብ፤ አምስት። በመጨረሻም መኪናዋ ለባለቤቷ ትደርሳለች፤ ስድስት። ስድስት ርክክብ ማለት ስድስት ፊርማ ማለት ነው። እያንዳንዱ ፊርማ ደግሞ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ተቀባዩን ያስራል፣ አስረካቢውን ይፈታል።

ሕጋችን ይህን በሚገባ ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ለማጓጓዝ ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቶታል፤ የባሕር ሕጉም በዚያው ዓመት ወጥቶአል። የዘርፉ መሠረታዊ መርሕ ግልጽ ነው። አጓጓዡ ዕቃውን ከተረከበበት ጊዜ ጀምሮ እስከሚያስረክብ ድረስ ለደረሰበት ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ከኃላፊነት የሚድነው ጉዳቱ ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት፣ በላኪው ጥፋት ወይም በዕቃው የተፈጥሮ ጉድለት የደረሰ መሆኑን ሲያስረዳ ነው። የእጆች መብዛት የሚያስከትለውን ችግር ለማቃለል ደግሞ የመልቲሞዳል ትራንስፖርት አዋጅ ቁጥር 548/1999 ወጣ። የአዋጁ መንፈስ ዕቃው በመርከብም፣ በባቡርም፣ በመኪናም ቢጓዝ፣ ከመረከብ እስከ ማስረከብ ኃላፊነቱን አንድ አካል ይሸከም የሚል ነው። ሕጉ በአንድ በኩል የቤንትሌይን ዘመን አንዱን ባለ አደራ መልሶ ሊያመጣልን የሞከረ ይመስለኛል።

ሆኖም ሕጉ የማይሞላው አንድ ክፍተት አለ፤ እሱም የመጨረሻው ፊርማ ነው። ተቀባዩ ዕቃውን ያለ ምንም ማሳሰቢያ ከተረከበ፣ ዕቃው በደኅና እንደ ደረሰው ይቈጠራል። ከዚያ በኋላ የማስረዳቱ ሸክም በእሱ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ይህን ለተማሪዎቼ ለብዙ ዓመታት አስተምሬአለሁ። አሁን ደግሞ ራሴ እንዴት እንደ ጣስሁት ልንገራችሁ።

ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት በውጭ አገር ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ አንዲት ያገለገለች መኪና ገዝቼ በጂቡቲ በኩል አስላክሁ። መኪናዋ በጭነት መኪና ተጭና ከአዲስ አበባ ዳር ደረሰች። ሾፌሩ ወጣት ነበር፤ ዓይኖቹ በእንቅልፍ እጦት ቀልተዋል። «ጋሼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስነዳ ነው ያደርሁት። እዚህች ላይ ይፈርሙልኝና ልሂድ» አለኝ። በእጁ ሁለት ሦስት ወረቀቶች ይዞ ነበር። መኪናዋን ዞሬ ባያት፣ በሯን ከፍቼ ብፈትሽ፣ እንደ ሌባ የጠረጠርሁት መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። «ሙሉና ደኅና ሆና ተረክቤአለሁ» የሚለው ላይ ፈርሜ፣ የሻይ ብሎ የሚይዘውን ገንዘብ ሰጥቼ፣ መርቄ ሸኘሁት።

በማግሥቱ ስኮርት ጎማዋ እንደሌለ፣ የቀኝ ስፖኪዮዋ እንደ ተሰነጠቀ፣ የኋላ በሯም እንደ ተጫረ አየሁ። ትራንዚተሩን ጠየቅሁ፤ ጭነት መኪናውን ጠይቅ አለኝ። የጭነት መኪናውን ባለንብረት ጠየቅሁ፤ ፊርማዬን አሳየኝ። በሕግ በኩል ነገሩ በዚህ ተዘጋ። በሰው በኩል ግን አልተዘጋም። ባለንብረቱ አቤቱታዬን ሰምቶ ሾፌሩን ከሥራ አሰናበተው።

ሦስት ወር ያህል ቆይቶ በብዙ ደጅ ጥናት የጂቡቲው የጭነት ወረቀት ግልባጭ ደረሰኝ። ከሥሩ በእጅ ጽሕፈት «ስፖኪዮ የተሰነጠቀ፤ ስኮርት የለም፤ በር ላይ ጭረት አለ» የሚል ማስታወሻ ነበረበት። ያ ወጣት መኪናዋን ሲረከብ ጉድለቷን አስመዝግቦ ነበር። ከያዛቸው ወረቀቶች አንዱ ይኸው እንደ ነበር አልጠራጠርም። እኔ መኪናዋን ዞሬ አይቼ ብጠይቀው ኖሮ፣ ወረቀቱን ዘርግቶ ያሳየኝ ነበር። ወረቀቱን ለባለንብረቱ ወሰድሁለት፤ ሾፌሩ ግን ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቅ አልተገኘም። እስከ ዛሬም አላገኘሁትም።

ክቡራን አድማጮቼ፤ እኔ በዚያ ቀን ያልመረመርሁት ያን ሰው ላለማስቀየም ነበር። እንጀራውን ያሳጣው ግን ያ አክብሮት የመሰለኝ ነገር ነው። ይሉኝታ በማኅበራዊ ኑሮአችን ብዙ መልካም ነገር ይሠራል፤ ጎረቤትን ያስከብራል፣ ክፉ ንግግርን ይገታል። በርክክብ ቦታ ላይ ግን ጥርጣሬን አያስቀርም፤ ያዘገየዋል እንጂ። በሰውየው ፊት ያልጠየቅነውን ጥያቄ በሌለበት እንጠይቀዋለን፤ መልስ ሊሰጥ በማይችልበት ሰዓትም እንፈርድበታለን። ስለዚህ ምርመራ ስድብ አይደለም እላለሁ። በሁለት ሰዎች ፊት፣ በቀን ብርሃን የሚደረግ ምርመራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠብቀው ታማኙን አጓጓዥ ነው።

ይህ ጉዳይ ካለፈው ይልቅ በመጪዎቹ ዓመታት ይበረታል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የየዕለት ወሬ ሆኖአል። እንዲህ ያለችው መኪና በበረሓው ውስጥ ኃይል መሙያ እየፈለገች 900 ኪሎ ሜትር ከምትነዳ መጫኗ የተሻለ ነው። ዋናው ሀብቷ ባትሪዋ ነው፤ ባትሪዋም በአብዛኛው ከወለሉ ሥር የተዘረጋ ነው። ስትጫንና ስትወርድ ከሥር የደረሰባትን ምት ከላይ ዞሮ ማየት ብቻ አይገልጠውም። ስፖኪዮ የተሰነጠቀበት ሰው በመቶዎች ወይም በሺዎች ብር ይገላገላል፤ ባትሪው የተጎዳበት ግን ከመኪናዋ ዋጋ ትልቁን ድርሻ ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ ብቻ ሳይሆን ነገ መኪና ለሚያስልክ ለማንኛውም ሰው ጥቂት ምክር ልተው። ከመላኩ በፊት መኪናዋን ከአራቱም ማዕዘን፣ ከሥርም ጭምር ፎቶግራፍ አንሡ። የሻንሲ ቁጥሯን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋን ንባብና የነዳጇን ወይም የባትሪዋን መጠን በጽሑፍ መዝግቡ፤ ተጭና የመጣች መኪና ቆጣሪዋ መቶ ኪሎ ሜትር ጨምሮ ከተገኘ፣ አንድ ሰው ነድቷታል። የግል ዕቃ በውስጧ አታስቀምጡ። ስትረከቡ የቀደመውን የርክክብ ወረቀት ጠይቁ፤ ከመኪናዋ ጋር እያስተያያችሁ ከአስረካቢው ጋር አብራችሁ ዙሩ። ጉድለት ካያችሁ ከፊርማችሁ በላይ ጻፉት፤ እሱም ይፈርምበት። ከዚያ በኋላ ሻይ ጋብዙት።

ይህ ሁሉ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። እኔ ያን ግማሽ ሰዓት ከራሴም፣ ከዚያ ወጣት ሾፌርም ነፈግሁ። በየዓመቱ ስለ አጓጓዥ ኃላፊነት ሳስተምር፣ ትምህርቱን የምጀምረው ያንን በእጅ የተጻፈበትን ግልባጭ በክፍል ውስጥ በማዞር ነው። ዛሬም ይዤው መጥቻለሁ፤ ከጥያቄና መልሱ በኋላ ማየት የሚፈልግ ሰው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያገኘዋል።