የእህል መኪና ስለምን ቆመ?
የጭነት ተሽከርካሪዎች የባትሪ አሞላል ጉድለትና የመለያው ዘዴ

በአቃቂ በሰቃ ለስምሪት ኃላፊዎችና ለዕርዳታ ሠራተኞች የቀረበ ንግግር



ይህ ጉዳይ በአቃቂ በሰቃ መነሣቱ የተገባ ነው። የጅቡቲው ባቡርም ሆነ በደብረ ዘይት መንገድ የሚመላለሰው የጭነት መኪና የሚያልፈው በዚሁ ስለ ነበር፣ አቃቂ የዋና ከተማዪቱ ደቡባዊ በር ሆና ኖራለች። ዛሬም ከወደብ የሚመጣው ባለ ተሳቢ መኪና በቱሉ ዲምቱና በቃሊቲ በኩል ይገባል፤ ሲበላሽም የሚጠገነው በዚሁ አካባቢ ባሉት ጋራዦች ነው።

ድርቅ ሲነሣ ስለ ዝናብ፣ ስለ እህልና ስለ ወደብ ብዙ ይነገራል፤ ስለ ባትሪ ግን የሚናገር የለም። ሆኖም በ1966 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከተቋቋመ ወዲህ፣ ይልቁንም በ1977 ዓ.ም. ድርቅ፣ ከሥራው ዋና ዋና ማነቆዎች አንዱ መጓጓዣ እንደ ነበረ ይታወቃል። ከአሰብ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ እህል ማውጣት፣ ሰፋሪዎችንም ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋና ወደ ኢሉባቦር ማድረስ ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ የአንድ መኪና መቆም የአንድ ማከፋፈያ ጣቢያ ወረፋ ሳይደርሰው መዋል ማለት ነው።

የአሞላል ጉድለት ክፋቱ ተደብቆ መቆየቱ ነው። በአገራችን መንገዶች ለብዙ ዘመን የታወቀው ፊያት 682 ነዳጁን በሜካኒካል ፓምፕ የሚረጭ በመሆኑ፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ ከተነሣ ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል። ስለዚህ ዲናሞው ባይሞላም መኪናው ቀኑን ሙሉ ይጓዛል። ጭነቱን ለማራገፍ ሞተሩ ሲጠፋ ግን ሞተሪኖው አልዞር ይላል፤ ያውም ከጋራዥ በራቀ ስፍራ። በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዙት የዛሬዎቹ ሞተሮች በአንጻሩ ኃይሉ ሲወርድ እመንገድ ላይ ይጠፋሉ፤ ይህም ቢሆን ለሹፌሩ የተሻለ ነገር አይደለም።

መኪናው አልነሣ ሲል የተለመደው ጥያቄ «ባትሪ ይገዛ» የሚል ነው። አዲሱ ባትሪ ገብቶ ሞተሩ ሲነሣ ችግሩ የተፈታ ይመስላል። ዲናሞው የማይሞላ ከሆነ ግን አዲሱም ባትሪ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደ አሮጌው ይሆናል። በግዢው ላይ የሚፈርም ኃላፊ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መሆን አይጠበቅበትም፤ ሦስት ልኬቶች ተጽፈው እንዲቀርቡለት መጠየቅ ግን ይገባዋል።

በከባድ መኪና ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 24 ቮልት ይሰጣሉ። መኪናው ለጥቂት ሰዓታት ከቆመ በኋላ ሲለካ፣ የሞላ ባትሪ 25.4 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ወደ 24.4 ከወረደ ግማሽ ያህሉ ባክኗል። ሁለተኛው ልኬት ሞተሪኖው በሚዞርበት ቅጽበት የሚወሰደው ነው፤ ከ19 ቮልት በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ሞተሪኖው ከመጠን በላይ ይስባል። ሦስተኛው ሞተሩ ተነሥቶ በመካከለኛ ዙር ሲሠራ ሲሆን፣ ከ27.5 እስከ 28.5 ቮልት መታየት አለበት። ይህ ቁጥር ካልታየ፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ጥፋቱ የባትሪው አይደለም። ከ30 ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ ተበላሽቶ ባትሪውን እያፈላው ነው፤ በአፋር ቆላ የሚመላለስ መኪና የባትሪው ውሃ ቶሎ ቶሎ የሚጎድል ከሆነ፣ ሙቀቱን ብቻ ከመውቀስ በፊት ይህን ማየት ያስፈልጋል።

አይሞላም ተብሎ ዲናሞ ከመፈታቱ በፊት በእጅና በዓይን የሚመረመር አለ። ቺንጋው ከላላ ዲናሞው በሚገባ አይዞርም፤ በመካከሉ በአውራ ጣት ሲጫኑት ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም መርገብ የለበትም። በባትሪው ራስ ላይ የሚያብበው ነጭና አረንጓዴ ዝገት ጅረቱን ያግዳል፤ በሞቀ ውሃ ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር። ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደው የመሬት ሽቦ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቶቹም በርተው፣ ከዲናሞው አዎንታዊ ጫፍ እስከ ባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ሲለካ ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ዲናሞው ያመነጨው ኃይል እመንገድ ላይ እየቀረ ነው።

ሁሉም የሚንቃት ግን በሹፌሩ ፊት ያለችው ቀይ መብራት ናት። ቁልፉ ሲከፈት መብራት፣ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለባት። በብዙ ዓይነት ዲናሞዎች የመነሻው ጅረት የሚያልፈው በዚችው አምፖል ስለሆነ፣ አምፖሏ ከተቃጠለች ደኅናው ዲናሞ ሳይሞላ ሊቀር ይችላል። በትንሽ አምፖል ምክንያት ትልቅ ዲናሞ ይወርዳል ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ሁለት ልማዶች አሉ። አንደኛው ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል» የሚለው ፈተና ነው። ከጥንቱ ዲናሞ የተወረሰ ይሁን እንጂ፣ በዛሬው ዲናሞ ላይ ኃይሉ በድንገት ሽቅብ ዘሎ ዳዮዶቹንና ሬጉሌተሩን ያቃጥላል። ሁለተኛው ባለ 12 ቮልት ሬዲዮ ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ጠልፎ ማስገባት ነው። የተጠለፈው ባትሪ ይራባል፣ ጓደኛው ያለ መጠን ይሞላል፤ ሁለቱም ከጊዜያቸው በፊት ይሞታሉ። ስለዚህ ጥንዱ በአንድነት ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱም ለየብቻው ይለካ።

ሦስቱም ልኬቶች ደኅና ሆነው መኪናው ካደረ በኋላ የማይነሣ ከሆነ፣ ሌሊት የሚያፈስ መስመር አለ። ቁልፉ ተዘግቶ የባትሪው አሉታዊ ገመድ ይፈታና አምፔር መለኪያው በመካከል ይገባል፤ ሲለካ ሞተሪኖውን ማዞር ግን መለኪያውን ማቃጠል ነው። ንባቡ ከ50 ሚሊአምፔር በእጅጉ ከበለጠ ቫልቮላዎቹ አንድ በአንድ ይነቀሉ፤ የትኛው ሲነቀል ቁጥሩ እንደ ወረደ ይታይ፤ ሽቦውም ከዚያ ጀምሮ ይፈተሽ።