መብራቱ የሚፈዘው መቼ ነው?

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ደከመ መብራት ነው። ስለ ጠፋ መብራት አላወራም፤ እሱን ማንም ያውቀዋል። የማወራው እያለ ስለሌለው ነው። አምፖሉ እንደ ኩራዝ ቀልቶ ይቀራል፣ ምጣዱ አይግልም፣ ፍሪጁ እያቃሰተ አይነሳም። ከቢቸናም ሆነ ከሞጣ ጥያቄው በአንድ ቃል ነው የሚመጣው፦ «ኃይል የለውም»።

ብዙ ሰው ጥፋቱን ሩቅ ይወስደዋል። «ግድቡ አልቆ የለም እንዴ?» ይባላል። እውነት ነው፣ ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ግድብ ግን የቀጠነ ሽቦ አያወፍርም። አገር የኃይል እጥረት ሲገጥማት ፈረቃ ይወጣል፣ መብራቱም ጭራሽ ይጠፋል። የሚፈዝ መብራት ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቅርብ ነው፤ ከትራንስፎርመሩ እስከ ሶኬታችሁ ባለው ጥቂት መቶ ሜትር ውስጥ። የእኔ ምክር ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ሰዓቱን እንድታስተውሉ ነው። መቼ ፈዘዘ? ያኔ ምን እየሠራ ነበር? ጎረቤትስ ጋ እንዴት ነው?

የራሳችሁ ምጣድ ሲሰካ ብቻ ከፈዘዘና ጎረቤት ደህና ከሆነ፣ ጣጣው ከእናንተው መስመር አይወጣም። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሰፈሩ በሙሉ እየደከመ ሌሊት ላይ የሚያገግም ከሆነ፣ ትራንስፎርመሩ ወይም የሰፈሩ መስመር ከብዶታል። ቀን ላይ ለአፍታ ጭልም ብሎ ወዲያው የሚመለስ ከሆነ በአቅራቢያችሁ ወፍጮ ቤት አይጠፋም፤ ጤፍ በሚበዛበት በእነማይ አካባቢ ይህ ብርቅ አይደለም። የወፍጮ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው አምስት፣ ስድስት እጥፍ የሚደርስ ከረንት ይስባል። ያለ ሥርዓት እየተርገበገበ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ ብየዳ ቤት ይኖራል። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቦግ እልም ካለ ምሰሶው ላይ የላላ ማያያዣ አለ፣ ወይም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦውን እየነካው ነው። ይኼኛው ክረምት ላይ ይብሳል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። አምፖላችሁ ኤልኢዲ ከሆነ ሊሸውዳችሁ ይችላል። ብዙዎቹ ቮልቴጅ ቢወርድም ብርሃናቸውን ጠብቀው ይቆያሉ፤ ስለዚህ ቤቱ ደምቆ ምጣዱ ሊለግም ይችላል። የድሮው ባለ ክር አምፖል ግን አይዋሽም። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። አንድ ካላችሁ አትጣሉት።

አሁን ወደ ምጣዱ እንግባ። ምክንያቱም ቤታችሁ ውስጥ ከሱ የበለጠ ኃይል የሚጎትት ነገር ላይኖር ይችላል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ነው እንበል። በ220 ቮልት 16 አምፒር ያህል ይስባል። ግቢው ሰፊ ነው፣ ቆጣሪው በር ላይ ነው፣ ማዕድ ቤቱ ከጓሮ፤ መካከሉ 60 ሜትር። ከረንት ሄዶ ይመለሳልና ሽቦው 120 ሜትር ሆነ። ሠራተኛው ለመብራት በሚዘረጋው በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቀጥሎት ከሆነ መንገድ ላይ ብቻ ከ20 ቮልት በላይ ይጠፋል። ከምሰሶው የመጣው 210 ከነበረ ምጣዱ ጋ 187 ገደማ ይደርሳል። የጎደለው ቮልት ትንሽ ይመስላል፤ ሙቀቱ ግን ከሚገባው ሰባ በመቶ አካባቢ ብቻ ነው የሚቀረው፣ ሙቀት ከቮልቴጁ እጥፍ በሆነ ፍጥነት ይቀንሳልና። ሊጡን ወይም እርሾውን የምትወቅሱ እህቶቼ፣ እንጀራው ዓይን አላወጣ ያለው በዚህ ሊሆን ይችላል። ምጣድ ከቆጣሪው የሚነሳ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል፤ ሽቦውም በዚህ ርቀት ከ4 ባይቀጥን ይመረጣል። ማከፋፈያ ላይ ምጣድ መሰካት እሳት መጥራት ነው። ከአንድ ቆጣሪ ለሦስት ለአራት ተከራይ መሳብም ይህንኑ ችግር ያባዛዋል።

የጥፋቱን ቦታ ለይቶ ለማወቅ አንድ ልኬት ይበቃል። ባለሙያው ምጣዱ እየሠራ ቮልቴጁን ሁለት ቦታ ይለካ፤ ቆጣሪው ጋ እና ሶኬቱ ጋ። ቆጣሪው ጋ ደህና ሆኖ ሶኬቱ ጋ ከወደቀ ሽቦ ወይም ማያያዣ ቀይሩ። ቆጣሪው ጋም ከወደቀ ጥፋቱ ከውጭ ነው። ምጣዱ ሳይሰካ መለካት ዋጋ የለውም፤ ሸክም የሌለበት የላላ ማያያዣ 220 ያሳያል፣ ሸክም ሲመጣ ነው የሚከዳው። አንዳንድ የካርድ ቆጣሪዎች ቮልቴጁን ራሳቸው ያሳያሉ፤ አሠራሩን ጠይቁ። የቆጣሪውን ማሸጊያ ግን ማንም እንዳይነካ።

ማያያዣ ስል አንድ የተለመደ ጥፋት ልንገራችሁ። ከምሰሶ የሚመጣው ሽቦ ብዙ ጊዜ አልሙኒየም ነው፣ የቤቱ መዳብ። ሁለቱ በእጅ ተጠምዝዘው በፕላስተር ከተጠቀለሉ እርጥበት ሲያገኛቸው አልሙኒየሙ ይበላል፣ መጋጠሚያው ይግላል፣ ይላላል፣ ይበልጥ ይግላል። ለሁለቱ የተሠራ ማያያዣ ዋጋው ብዙ አይደለም። ሶኬት ቡናማ ከሆነ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ከመጣ ዋናውን ብሬከር አጥፉ፤ መክፈቱን ለባለሙያ ተዉለት።

አንድ ምልክት ግን ጊዜ አይሰጥም። ከፊሉ ቤት ሲፈዝ ሌላው ከመጠን በላይ ከደመቀ፣ ወይም የእናንተ ሲፈዝ የጎረቤት አምፖል እየተቃጠለ ከሆነ፣ ከረንት የሚመለስበት የጋራው ሽቦ፣ ኑትራሉ፣ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በሁለት ፌዝ መካከል ያለው 380 ቮልት ነው፤ ኑትራሉ ሲሄድ ቤቶቹ ይህን እኩል ባልሆነ ድርሻ ይካፈሉታል። ብዙ ዕቃ የሰካው ይደክማል፣ ትንሽ የሰካው ይነዳል። ወዲያው ዋናውን አጥፉና ጎረቤትም እንዲያጠፋ ጥሩ።

ስታቢላይዘርስ? ለቴሌቪዥን ለፍሪጅ ይጠቅማል፤ ለሰፈሩ ግን መድኃኒት አይደለም። የወረደውን ቮልቴጅ የሚያነሳው ከመስመሩ ተጨማሪ ከረንት ስቦ ነው፣ የላላውንም መጋጠሚያ ይበልጥ ያግለዋል። ቮልቴጅ ሲወርድ ምጣድ ቢዘገይ እንጂ አይበላሽም። ፍሪጅ ግን ሞተሩ ለመነሳት እየታገለ ይቃጠላል፤ ማቃሰት ሲጀምር ነቅላችሁ ጠብቁ።

ጥፋቱ ከውጭ መሆኑ ከታወቀ 905 ደውሉ፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ቁጥር ነው። ወደ ቅርብ ቅርንጫፍ መሄድም ይቻላል። «ኃይል የለም» ብቻ አትበሉ፤ ትራንስፎርመሩ ከብዶት እንደሆነ የሚለየው በዝርዝር ነው። 100 ኪሎ ቮልት አምፒር የተጻፈበት ትራንስፎርመር ከ30 ያነሱ ምጣዶችን ነው በአንድ ጊዜ የሚሸከመው፣ ሌላው ሁሉ ጠፍቶ። ስለዚህ ትራንስፎርመሩ የት እንዳለ፣ ስንት ቤት እንደፈዘዘ፣ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር፣ የተለካው ቮልት ስንት እንደሆነ ጽፋችሁ ያዙ። አንዳንዴ ትራንስፎርመሩ ላይ ያለውን ማስተካከያ አንድ ደረጃ ማንሳት፣ አንዳንዴም ሸክሙን በሦስቱ ፌዞች እኩል ማከፋፈል ይበቃል። ይህን መወሰን የእነሱ ሥራ ነው፤ ሰዓቱንና ልኬቱን ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ግን ፍለጋውን በጣም ያሳጥርላቸዋል።