ወደ ዩኒቨርሲቲ በር የሚያደርስ ቋንቋ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በእንግሊዝኛ ክበብ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ለማክበር በእንጦጦ ግርጌ በተሰበሰብንበት በዛሬው ቀን ስለ አንድ ጉዳይ እንድንናገር ስለተፈቀደልን ደስታችን ከፍ ያለ ነው። ጉዳዩም ይህ ነው፤ በቤቱ እንግሊዝኛ የማይናገር ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ምን ያህል እንግሊዝኛ ማወቅ ይገባዋል? ይህንንስ እውቀት ከየት ያገኘዋል? ነገሩ ለእኛ የክርክር ጨዋታ አይደለም፤ ከመካከላችን ብዙዎቹ በቅርብ ጊዜ የሚቀመጡበት ፈተና ነው።

በመጀመሪያ እንግሊዝኛ ወደ ትምህርት ቤቶቻችን እንዴት እንደ ገባ በአጭሩ እናስታውስ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት ፈረንሳይኛም እንግሊዝኛም ይሰጥ ነበር። ከጠላት ወረራ በፊት በተማሩት ሰዎች ዘንድ ይበልጥ የተለመደው ግን ፈረንሳይኛ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ሲጀምርም ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ሲለወጥ፥ የፈተናውም ስም ሲለወጥ፥ ይህ ሳይለወጥ ቆየ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ልጆች አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው፥ ሁለተኛ ደረጃንና ከፍተኛ ትምህርትን ግን በእንግሊዝኛ እንዲማሩ አደረገ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ ልናስበው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በ1930ዎቹ መጨረሻ የተፈሪ መኰንንን ትምህርት ቤት እንዲመሩ የተጠሩት የካናዳ ኢየሱሳውያን መምህራን ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ ዶክተር ሉሲየን ማት ኋላ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። እነዚህ መምህራን የመጡት ፈረንሳይኛ ከሚነገርበት የካናዳ ክፍል ነበር። እንግዲህ በቤቱ ፈረንሳይኛ የሚናገር አስተማሪ፥ በቤቱ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚናገረውን ተማሪ በእንግሊዝኛ ያስተምረው ነበር ማለት ነው። ቋንቋው ለሁለቱም የእናት ቋንቋ አልነበረም። እንግሊዝኛ በውርስ የሚገኝ ርስት ሳይሆን በሥራ የሚገኝ ጥሪት ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልገንም።

ዛሬ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ብሔራዊውን ፈተና ያልፋል። ብዙ ሰው እንግሊዝኛን ከትምህርቶቹ እንደ አንዱ ብቻ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ሒሳቡም ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም ታሪኩም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ቋንቋው የጐደለው ተማሪ የሚጐድለው በአንድ ወረቀት ሳይሆን በሁሉም ነው።

ምሳሌ እንስጥ። «አንዲት መኪና ፍሮም ሬስት ተነሥታ፥ ፍጥነቷን በየሴኮንዱ 2 ሜትር በሴኮንድ ብትጨምር፥ በ5 ሴኮንድ ስንት ሜትር ትሄዳለች?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ 25 ሜትር ነው። ቀመሩን በቃሉ የሚያውቅ ልጅ ግን «ሬስት» የሚለውን «እረፍት» ብሎ ብቻ ከተረዳው፥ የመነሻ ፍጥነቷ አልተሰጠኝም ብሎ የጠፋ ቍጥር ሲፈልግ ሰዓቱ ያልቃል። ቃሉ በዚያ ቦታ «ቆማ ከነበረችበት» ማለት ነው፤ የመነሻ ፍጥነቷም ዜሮ መሆኑን የሚነግረው እርሱ ራሱ ነው። እንዲሁም «ኤክሴፕት» የምትለዋን አንዲት ቃል ዘሎ ያለፈ ተማሪ፥ የሚያውቀውን ባዮሎጂ ሁሉ ገልብጦ ይመልሳል። ይህ ልጅ ፊዚክስና ባዮሎጂ አያውቅም ልንል እንችላለንን?

በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር የተነገረውን ውጤት ሁላችንም እናስታውሳለን። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909፥ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ፈተና ይህ ቍጥር ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። የውድቀቱ ምክንያት ሁሉ እንግሊዝኛ ነው አንልም፤ የመጽሐፍ እጦት፥ የጦርነትና የችግር ዘመን፥ የእኛም ስንፍና አለበት። ነገር ግን መማሪያ የተባለው ቋንቋ የትምህርት መሰናክል እየሆነ መምጣቱን በ1970ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው ጆን ስቶዳርት በትምህርት ቤቶቻችን ላይ ባደረገው ጥናት ገልጾት ነበር። ሕመሙ የቆየ ነው።

ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ለመሄድ የሚያስብ ደግሞ ሌላ ደጅ ይጠብቀዋል። አይኤልትስ የተባለው ፈተና ማዳመጥን፥ ማንበብን፥ መጻፍንና መናገርን ለየብቻ ይመዝናል፤ ከፍተኛው ነጥብ 9 ሲሆን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች 6 ወይም 6.5ና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። የተማረበት ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑን ከትምህርት ቤቱ ወይም ከዩኒቨርሲቲው በደብዳቤ ላረጋገጠ ሰው ፈተናውን የሚያስቀሩም አሉ። እኛ የለመድነው ግን ከአራት መልሶች አንዱን መምረጥ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ተማሪ አንድ ገጽ ድርሰት እንዲጽፍና ፊት ለፊት እንዲናገር ሲጠየቅ የሚደነግጠው ስለዚህ ነው። ያልተጠየቀ ነገር አይለመድምና።

ደግሞም ሸክሙ በሁሉ ላይ እኩል አይወድቅም። አንዱ ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እንግሊዝኛ እየሰማ ያድጋል። ሌላው ልጅ እናቱ ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና እንጨት በጀርባዋ ተሸክማ እያወረደች የምታስተምረው ነው፤ እንግሊዝኛ የሚሰማው በክፍል ውስጥ ብቻ ነው። በፈተናው ቀን ግን ለሁለቱ የሚቀርበው ወረቀት አንድ ነው።

ታዲያ በሩ ዝቅ ይበልልን እንላለንን? አንልም። ከዚህ ከበላያችን በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት የከዋክብት መመልከቻዎች ቆመዋል። በዚያ የሚሠራ ሰው ያየውን ለዓለም ሊቃውንት የሚጽፈው፥ እነርሱም ያዩትን የሚያነበው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። በሩ ባለበት ይሁን፤ የምንለምነው ወደ በሩ የሚያደርሰው ደረጃ እንዲሠራልን ነው። ደረጃውንም የምንሠራው ሁላችን ነን።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ በየቀኑ አንድ ገጽ እናንብብ። በየትምህርቱ እንደ «ሬስት» ያሉትን ቃላት የምንጽፍበት ደብተር ይኑረን። ከሁሉ በላይ ግን ጓደኛችን ተነሥቶ በእንግሊዝኛ ሲሳሳት አንሳቅበት። አንድ ጊዜ የተሳቀበት ልጅ ዓመቱን ሙሉ እጁን አያወጣም፤ የማይናገርም አይማርም።

መምህሮቻችን ሆይ፥ ነገሩ ሲከብደን በአማርኛ ስታስረዱን እናመሰግናለን። ነገር ግን የገባንን መልሰን በእንግሊዝኛ እንድንናገረው አስገድዱን። ፈተናው ባይጠይቀውም በየሳምንቱ አንድ አንቀጽ አስጽፉን፤ ስሕተታችንንም በቀይ አመልክቱን።

ወላጆቻችን ሆይ፥ «እኛ እንግሊዝኛ አናውቅም፥ ምን እናግዛችሁ?» አትበሉ። ማታ «ዛሬ ምን ተማርክ? ምን ተማርሽ?» ብላችሁ በቤታችሁ ቋንቋ ጠይቁን። በራሱ ቋንቋ ማስረዳት ያቃተው ልጅ ነገሩን በእንግሊዝኛ ሸምድዶታል እንጂ አላወቀውም። በዚህ ፈታኞቻችን እናንተ ናችሁ፤ ለዚህም ዲፕሎማ አያስፈልግም።

የራሱን ቋንቋ የናቀ ሰው የሰውን ቋንቋ አጣርቶ እንደማይማር እናምናለን። አማርኛችንንም ሌሎቹንም የአገራችንን ቋንቋዎች እያከበርን፥ እንግሊዝኛን ደግሞ እንደ መሣሪያ ጨብጠን፥ በሚመጣው ዓመት ከዚህ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ቍጥራቸው ይብዛ።