ደራሲ ከማሳተሙ በፊት ሊያውቀው ስለሚገባ ሕግ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችን ድርሰቱን በደብተር ይዞ «ለአሳታሚ ባሳየው ይሰርቀኛል» እያለ የሚፈራው ብዙ ነው። ፍርሃቱ ከንቱ ነው አልልም፤ ነገር ግን ከዚያ ይልቅ የሚያስፈራ ነገር አለ፤ እርሱን አናስበውም።

የደራሲ መብት በአገራችን በ1952 ዓ. ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተደንግጎ ነበር፤ በኋላ በ1996 ዓ. ም. ቁጥር 410 የሆነው አዋጅ ወጣለት። በዚህም አዋጅ መሠረት መብቱ የሚወለደው ድርሰቱ በተጻፈ ጊዜ እንጂ በታተመ ጊዜ አይደለም። ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። የሚጠበቀው ግን አጻጻፉ ነው። ገበሬ ከተማ ገብቶ ሲታለል የሚያሳይ ታሪክ ብትጽፉ፥ ሌላው ያንኑ ሐሳብ በራሱ ቃል ቢጽፈው ሌባ ልትሉት አትችሉም። የእጅ ጽሑፉን ማስረከብም መብቱን ማስረከብ አይደለም፤ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ውል ነው። ስለዚህ የምትፈርሙበት ወረቀት አንድ እትም ብቻ የሚሰጥ ይሁን ወይስ ትርጉሙንና ቴአትሩን ጭምር የሚወስድ፥ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ ይኸውም ስም ማጥፋት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2044፥ በሕይወት ያለን ሰው በንግግር ወይም በጽሑፍ የተጠላ፥ የተናቀ ወይም መሣቂያ እንዲሆን አድርጎ ክብሩን ወይም የወደፊት ዕድሉን የሚያበላሽ ሰው ጥፋተኛ ነው ይላል። ለመጉዳት ማሰቡም የግድ አያስፈልግም። እንግዲህ «ተንኮል አልነበረብኝም» ማለት ብቻውን አያድንም። ስም መለወጥም ብዙ ጊዜ አያድንም። እገሌን «አቶ በላቸው» ብላችሁ፥ ነገር ግን አነካከሱን፥ መሥሪያ ቤቱንና የሚስቱን አገር እንዳለ ከተዋችሁት፥ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። እኛ ሰምና ወርቅ ለምደናልና ወርቁን የደበቅነው ይመስለናል፤ ዳኛውም ቅኔ የሚፈታ ያገር ልጅ መሆኑን እንረሳለን።

ይህን ማለቴ ስለ ሕዝብ ጉዳይ ዝም በሉ ማለቴ አይደለም። የሕዝብን ጥቅም በሚነካ ነገር አስተያየት የሰጠ ሰው፥ ሐሰት መሆኑን በእርግጥ እያወቀ ካልሆነ በቀር፥ ጥፋተኛ አይባልም (ቁጥር 2046)። አንድን ድርጊት የጻፈም ለመጉዳት ብቻ ብሎ ካልሆነ እውነትነቱን በማስረዳት ይድናል። ማስረዳት ማለት ግን «አገር ያወቀው ነው» ማለት ሳይሆን ወረቀትና ምስክር ማቅረብ ነው። ማስታወሻችሁን መጽሐፉ ታተመ ብላችሁ አትጣሉ።

ሕግ ባለበትም ከሕግ ውጭ የሚመጣ አደጋ አለ። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ. ም. አሳተመ፤ መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲው በ1976 ዓ. ም. እንደ ወጣ ቀረ። ክስ አልቀረበበትም፤ ዳኛ ፊትም አልቆመም። የ1987 ዓ. ም. ሕገ መንግሥት በ29ኛው አንቀጽ ቅድመ ምርመራን የከለከለው፥ ይህን የመሰለ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው።

ስለ ጥቅስ አንድ ቃል ብቻ ልጨምር፤ ከሌላ ደራሲ የምትወስዱት አጭር ይሁን፥ ስሙና ምንጩም ይጠቀስ።

ጥያቄ ያለው ቢኖር ለመስማት ዝግጁ ነኝ።