በአርባ አራት ዓመት ሞገድ ላይ መቆም
(በ20ኛ ዓመት የምሩቃን መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ሲደውልልኝ «ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ሁላችንም ጠግበናል፤ እባክሽ ሌላ ነገር አውሪን» አለኝ። ሌላ ነገር ካላችሁ እንግዲህ ያለኝ አንድ ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥምቀት ካለፈ በኋላ ብቻዬን ወደ ስሪላንካ ሄጄ ሰርፊንግ ተማርኩ። አዎ፣ ያ በቴሌቪዥን የምናየው፣ ሰው ቦርድ ላይ ቆሞ የባሕር ሞገድ የሚጋልብበት ነገር። አትሳቁ እንጂ! እሺ ሳቁ፤ እናቴም መጀመሪያ ስቃለች። ቀጥላ ግን «ብቻሽን? ብትሰምጪ ማን ያወጣሻል?» አለችኝ። የዛሬው ንግግሬ በአብዛኛው ስለዚህ ጥያቄ ነው።

በሆዳችሁ የያዛችሁትን ልመልስና ልቀጥል፤ ገንዘቡ ከየት መጣ? ከአበል። ሁለት ዓመት ሙሉ ለስልጠና በወጣሁ ቁጥር የተረፈችኝን ለብቻዋ አስቀመጥኩ። የአውሮፕላን ትኬቱን ከአራት ወር በፊት ቆረጥኩ፤ ርካሹ ዱባይ ላይ ዘጠኝ ሰዓት የሚያስጠብቀው ነበር። እዚያ ከደረስኩ በኋላ ለ12 ቀን፣ በቀን ከ25 ዶላር ላላልፍ ከራሴ ጋር ተማማልኩ። ከባሕሩ አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ቦታ፣ በአንድ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ፣ ማራገቢያ ብቻ ያላት ክፍል ተከራየሁ። ምሳዬ ሩዝና ካሪ ነው፤ ምስር አይጠፋውም፣ የኮኮናት ሳምቦላቸው እንደ ዳጣ ያቃጥላል፣ እነሱም እንደኛ በእጃቸው ነው የሚበሉት። ረቡዕና ዓርብ ለመጾም አልተቸገርኩም። ቦርድም አይገዛም፤ ዳርቻው ላይ በሰዓት ይከራያል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ከአስተማሪ ጋር ሆንኩ፣ ከዚያ በኋላ ቦርዱን ብቻ እየተከራየሁ የተማርኩትን ደጋገምኩ። በቃ፣ የሀብታም ጨዋታ የሚባለው ይኸው ነው።

ቦታው ወሊጋማ ይባላል፤ በደቡቡ ጠረፍ ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። በሲንሃላ ቋንቋ «የአሸዋ መንደር» ማለት ነው፤ ጀማሪ ለምን እንደሚመርጣት ስሟ ራሱ ይናገራል። የባሕሩ ወለል አሸዋ ስለሆነ የወደቀ ሰው ኮራልና ድንጋይ ላይ አያርፍም። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ነፋሱ በአብዛኛው ከየብስ ወደ ባሕር ስለሚነፍስ ሞገዱ የተስተካከለ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ወቅቱ ይገለበጥና ሰርፈሩ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ምሥራቁ ጠረፍ፣ ወደ አሩጋም ቤይ ይሄዳል።

ከኮሎምቦ ፎርት ጣቢያ ወደ ወሊጋማ የሚወስደው ባቡር የሦስተኛ ማዕረግ ዋጋው ከ2 ዶላር ያንሳል። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ሐዲዱ በባሕሩ ዳር ዳር ይሄዳል፤ አንዳንድ ቦታ ሞገዱ ባቡሩ ውስጥ የሚገባ ይመስላል። አንድ ቀን በእርግጥም ገብቷል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2004፣ በእኛ ታኅሣሥ 17 ቀን 1997፣ እኛ ኢንተርን ሆነን ቀንና ሌሊት በምንሮጥበት ወር፣ ሱናሚው ፔራሊያ የምትባል መንደር ላይ አንድ ሙሉ ባቡር ጠረገ። እዚያ ቦታ ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው፣ በመላ አገሪቱ ደግሞ ከ30,000 በላይ ሰው አለቀ። ባቡራችን በዚያ ሲያልፍ ከፊት ለፊቴ የተቀመጡት እናት እጃቸውን አጣምረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ከፌስታላቸው ሙዝ አውጥተው ሰጡኝ። ይህ ሕዝብ ባሕሩን በደንብ ያውቀዋል፤ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ጀልባውን እየገፋ ይገባበታል።

እኛስ? በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ ስለዚህችው ደሴት ሲጽፍ፣ ከኢትዮጵያ የሚመጡ መርከቦች ወደቧን ይጎበኙ እንደነበር፣ ከአዱሊስ ነጋዴዎች ጋር ተጉዞ ደሴቲቱ ስለደረሰ ሰውም መዝግቧል። ስለዚህ እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም፤ ትንሽ ዘግይቼ ነው የደረስኩት። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን ውኃን የምናውቀው ከዳር ቆመን ነው። እኔም 42 ዓመት እስኪሞላኝ እንደዚያው ነበርኩ። ከጉዞው በፊት አዲስ አበባ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ከሰባትና ከስምንት ዓመት ልጆች ጋር ተሰልፌ ስምንት ወር ዋና ተማርኩ። ከልጆቹ አንዷ «እትዬ፣ ፈርተሽ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ» አልኳት። «እኔም» አለችና ዘላ ገባች።

አሁን ወደ አስተማሪዬ ልምጣ፤ መምህራኖቻችን በጆሯችሁ ብቻ ሳይሆን በልባችሁም ስሙኝ። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፤ ዕድሜው 24። እኔን «አካ» ይለኛል፣ ታላቅ እህቴ ማለት ነው፤ እኔም «ማሊ» እለዋለሁ፣ ታናሽ ወንድሜ። የመጀመሪያውን ሰዓት ውኃ አላስነካኝም። አሸዋው ላይ በደረቴ አስተኝቶ «አሁን ሞገድ መጣ፣ ተነሺ» እያለ ሃያ ጊዜ አስነሳኝ። ውኃ ውስጥ ስንገባ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያርመው። ስወድቅ መጀመሪያ «ደህና ነሽ?» ይላል፤ ቀጥሎ «የት ነበር የምታዪው?» ይላል። መልሱን ሁልጊዜ አውቀዋለሁ፤ እግሬን ነበር የማየው። «እግርሽ የትም አይሄድም፣ አካ። ፊት ለፊት እይ።» በዚያ ሁሉ ቀን አንድም ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ አልሰማሁትም። ሃያ ዓመት ያከመች፣ አሥር ዓመት ያስተማረች ሴት ጀማሪ ስትሆን ምን እንደሚያስፈልጋት ዲፕሎማ ሳይኖረው ገብቶታል። ራውንድ ላይ ጉሮሮው የደረቀውን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከዚያ ወዲህ የማየው በሌላ ዓይን ነው። በየአምስት ዓመቱ አስተማሪ ሁሉ ምንም የማያውቀውን አንድ ነገር መማር ቢገደድ ደስ ይለኛል።

ማሊ ካስተማረኝ ውስጥ ከመቆም የሚበልጡ ነገሮች አሉ። ቦርዱን በአንቺና በሚመጣው ሞገድ መካከል አትያዢ፤ መልሶ ይመታሻል። ስትወድቂ ጠፍጣፋ ሆነሽ ውደቂ፤ ስትወጪ ራስሽን በክንድሽ ሸፍነሽ ውጪ። ሞገዱ ከሚሰበርበት ጫፍ የቀረበው ሰው ቅድሚያ አለው፤ አትሻሚው። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ግራና ቀኙ እየተሰበረ መካከል ላይ ጸጥ ያለ መስመር ካየሽ አትመኚው፤ ውኃው ወደ ጥልቁ የሚመለሰው በዚያ ነው። ከያዘሽም አትታገዪው፤ ተንሳፈፊ፣ ትንፋሽሽን ሰብስቢ፣ ወደ ጎን ውጪ፣ እጅሽን አንሺ። ጠንካራ ዋናተኛ የሚሞተው ከወራጁ ጋር ፊት ለፊት ሲታገል ደክሞ ነው።

ሞገዱ ራሱ የሚመጣው ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ከደቡባዊው ሕንድ ውቅያኖስ ማዕበል ነው። የሚጓዘው ጉልበቱ እንጂ ውኃው አይደለም፤ ውኃው ባለበት ክብ እየሠራ ይመለሳል። ጥልቀቱ ወደ ሞገዱ ቁመት ሲጠጋ ታችኛው ክፍል ይዘገያል፣ ላይኛው ይቀድመዋል፤ ያኔ ይሰበራል። ይህን ሁሉ ጠዋት አንብቤ ነበር። በሁለተኛው ቀን አንዱ ገልብጦ ወደ ታች ሲይዘኝ ግን ንባቡ አልጠቀመኝም። ከአሥር ሰከንድ አይበልጥም። ደረቴን የሚያስጨንቀኝ የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት መሆኑን አውቃለሁ፤ ፊዚዮሎጂ ላይ ኤ አግኝቻለሁ። ሳንባዬ ግን ኤዬን አላየልኝም። ያወጣኝ አሸዋው ላይ ሃያ ጊዜ የተደጋገመው ነው፤ ራስን መሸፈን፣ መላላት፣ መጠበቅ።

በአምስተኛው ቀን ቆምኩ። ሦስት ሰከንድ። በመጨረሻው ቀን ደግሞ አሥር ሜትር ያህል ተጓዝኩ። ከዚህ በላይ የምፎክርበት ነገር የለኝም።

አሁን ደግሞ ባቾቼ የምታውቁትን፣ ሌሎቻችሁ ግን የማታውቁትን ልንገራችሁ። በዚህ አዳራሽ መሆን የነበረበት አንድ ልጅ የለም። ስሙን ሳልጠራ ታውቁታላችሁ፤ አናቶሚ ክፍል ውስጥ ሲያስቀን የነበረውን። አራተኛ ዓመት ላይ፣ በፋሲካ ዕረፍት ተማሪዎች በራሳችን አዋጥተን ወደ ሐይቅ ሄድን። ከዳር አሥር ሜትር እንኳ አይርቅም ነበር። የሚሰምጥ ሰው አይጮኽም፤ ለመጮኽ አየር ያስፈልገዋል። ዳር ላይ ወደ ሠላሳ የምንሆን የሕክምና ተማሪዎች ነበርን፤ ስለ ሳንባ የማናውቀው አልነበረም፣ ዋና የሚችል ግን አንድም አልነበረም። ያወጣው ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ከሩቅ ቀዝፎ እስኪደርስ ረፍዶ ነበር። ለዓመታት ውኃ አጠገብ ስቆም እጄ ይቀዘቅዝ ነበር። ስሪላንካ የወሰደኝም ይኼው ነው። ለጓደኞቼ «ለመዝናናት» አልኩ፤ ለእናቴ ግን እውነቱን ነግሬያታለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ወደ 300,000 ሰው በመስጠም ሞቷል። ከአሥሩ ዘጠኙ የሞቱት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው፤ ብዙዎቹ ልጆችና ወጣቶች ናቸው። የተባበሩት መንግሥታትም በዚያው ዓመት ጁላይ 25ን መስጠምን የመከላከያ ቀን ብሎ ሰይሟል። ባሕር የለንም ብለን አንዘናጋ። ጣና አለን፣ ሐዋሳ አለን፣ ላንጋኖ አለን፤ በክረምት የሚሞላ ወንዝ፣ ለመስኖ የተቆፈረ ኩሬ፣ ክዳን የሌለው ጉድጓድ በየቀበሌው አለ። ተማሪዎቻችንን ለመስክ ልምምድ የምንልከው እዚያ ነው።

ስለዚህ ባዶ እጄን አልመጣሁም። ለትምህርት ክፍሉ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማንኛውም ተማሪ ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት ለአሥር ሰዓት ያህል ውኃ ውስጥ ይሠልጥን፤ በጀርባው መንሳፈፍ፣ ትንፋሹን መሰብሰብ፣ 25 ሜትር መዋኘት ይቻል። ሁለተኛ፣ ሳይገባ ማዳንን ይማር። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ቢጫ ጀሪካን በገመድ ታስሮ ሲወረወር ሰው ያንሳፍፋል፤ ጀሪካን የሌለበት ቤት ደግሞ የለም። ሦስተኛ፣ የድንገተኛ ሕክምና ትምህርታችን ውስጥ የሰመጠ ሰው ራሱን የቻለ ርዕስ ይሁን፤ የሰመጠ ሰው የተጎዳው በአየር እጦት ነውና ትንፋሽ መስጠት ከደረት መጫን ይቀድማል።

ገንዘቡን የምትጠይቁ ከሆነ፣ መልሱ ያው አበል ነው። የመጀመሪያውን ዓመት የመዋኛ ገንዳና የአሠልጣኝ ወጪ የ1997 ባች ይሸፍናል፤ ከእናንተ ጋር ሳልመክር ቃል ገባሁላችሁ እንዴ? በሩ ላይ መዝገብ ተቀምጧል፤ የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው፣ ሁለተኛው በሞገድ የሳቀችው የእናቴ ነው። ከሁለት ሺህ ብር ጀምሮ እንቀበላለን። ዋና የማትችሉ ደግሞ በዚያው መዝገብ በስተጀርባው ተመዝገቡ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከእኔ ጋር ትጀምራላችሁ። ልጆቹ ይስቁብናል፤ ይሳቁ።

ዕድሜና ጤና ሰጥቶን በሠላሳኛው ዓመት ለመገናኘት ያብቃን።