ቡናው ከበጀት ሲወጣ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ የሰጡን ርዕስ «ባህላችን እየጠፋ ነው ወይ?» የሚል ነው። እኛ የሂሳብ ሠራተኞች ነን። ዘወትር የምንጠየቀው ስለ ቁጠባና ስለ ውዝፍ ብድር ስለሆነ፣ ርዕሱ ሲደርሰን ተሳስተው የላኩልን መስሎን ነበር። በኋላ መዝገባችንን ስናገላብጥ ነገሩ እዚያው ውስጥ ተጽፎ አገኘነው።

በመጀመሪያ «ባህላችን» ስንል የማንን ነው? ይህች የተሰበሰብንባት ከተማ ራሷ ሁለት ስም አላት። አሰበ ተፈሪ ብለው በ1910ዎቹ ዓ.ም. የቆረቆሯት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ ጨርጨርን ለሌላው አገር ምሳሌ የሚሆን ግዛት ለማድረግ አስበው ነበር። እኚህ ሰው ሩሲያ የተማሩ፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉ፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ናቸው። እንግዲህ ከተማዋ ገና ስትቆረቆርም ዘመናዊ ልትሆን ታስባ ነበር። ዛሬ በገበያዋ ኦሮምኛም አማርኛም ሶማሊኛም ይሰማል፤ እናቶቻችን ዋጋውን በአንዱ ቋንቋ ይጠሩና በሌላው ይከራከራሉ። ዕድር የሚሉ አሉ፣ አፎሻ የሚሉ አሉ፤ ሐዘንና ሠርግ ሲመጣ ግን ጎላው አንድ ነው። ስለዚህ ድሮ ንጹሕ የነበረ፣ ዛሬ የተበረዘ አንድ ባህል ፈልገን አላገኘንም። ጥያቄው ግን በዚህ አይቀርም፤ በዓይናችን እያየነው የሚሄድ ነገር አለና።

ቡና ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም እንድናደርገው ይፈቀድልን።

በዓለም ገበያ «ሐረር» ተብሎ የሚታወቀው ቡና ከሐረር ግንብ ውስጥ አይበቅልም። የሚበቅለው በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ ነው፤ በእኛ በጨርጨር ተራሮች ጭምር። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። የዚያ አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የነበረው ክርክርም በዓለም ጋዜጦች ወጣ፤ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ላይ ተደረሰ። ስሙ የኢትዮጵያ መሆኑ ታወቀ። ደግ ነው፤ እኛም ደስ ብሎናል። ይሁንና ስለ ስሙ አሜሪካ ላይ ክርክር ሲደረግ፣ እዚህ ዛፉ እየተነቀለ ጫት ይተከልበት ነበር። ዛሬም ይተከልበታል።

ለምን እንደሆነ እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን፤ ሂሳብ ነውና። ቡና በዓመት አንዴ ይለቀማል፤ ዝናብ ካነሰ ወይም በሽታ ከገባበት ያም የለም። ጫት ውኃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ በተቆረጠበት ቀን ይሸጣል፤ ማታ ጥሬ ገንዘቡ ቤት ይገባል። የልጅ ደብተር፣ የሐኪም ካርድ፣ የዘይት ወጪ እስከ ቡና መልቀሚያ ድረስ አይጠብቅም። ገበሬውን «ባህል አጠፋህ» ብሎ የሚወቅስ ሰው ካለ፣ በመጀመሪያ የዚያን ቤት የክረምት ወጪ ይሸፍን።

እኛም ብንሆን በዚህ ነገር ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ከአባሎቻችን መካከል ጫት የሚያስሩ፣ የሚቸረችሩ፣ ለመኪና የሚያደርሱ ብዙ ናቸው። የቁጠባ ደብተራችን ከዚያ በመጣ ብር የተሞላ ነው። ለእንግዶቻችን በምንልከው ሪፖርት ላይ «አነስተኛ ንግድ» ብለን እንጽፈዋለን። ዛሬ በስሙ ጠርተነዋል።

ዛፉ ሲሄድ ብቻውን አይሄድም። የእኛ አገር ቡና ከነገለፈቱ በፀሐይ ይደርቃል፤ ሲፈለፈል ፍሬው ለገበያ ይወጣል፣ ገለፈቱ ለቤት ይቀራል። እሱን ከወተት ጋር አፍልተን ሆጃ እንለዋለን። አሁን በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለን ሴቶች ልጆች ሳለን ገለፈት በገንዘብ ሲገዛ አላየንም፤ ከጓዳ ይታፈስ ነበር። ዛሬ ከገበያ በጣሳ ተሰፍሮ ይገዛል፤ ወተቱም እንዲሁ። ልጆቻችን ሻይ ይሻላል ቢሉን ምን እንፈርድባቸዋለን?

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስ። ከሁለት ዓመት በፊት በጀት ስናዘጋጅ በቅጹ ላይ የቡናና የሆጃ ወጪ የሚገባበት ረድፍ አልነበረም። ቡናውን የምንገዛው ከእናቶች ነው፤ ደረሰኝ የላቸውም። ደጋፊዎቻችን አልከለከሉንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። ፈራን። ኦዲት ሲመጣ ከምንጨነቅ ብለን ራሳችን ሰረዝነው። ለዲፕሎማ ስንማር ማረጋገጫ ሰነድ የሌለው ወጪ አይመዘገብም ተብለን ነው ያደግነው፤ ትምህርቱ ስሕተት ነው አንልም።

ስብሰባው አጠረ። አባላት መጥተው፣ ከፍለው፣ ፈርመው ይወጣሉ። ሥራ ተቀላጠፈ ብለን በሪፖርት እንኳ ጽፈናል። ከዚያ አንዲት አባላችን ሦስት ወር ሳትከፍል ቀረች። በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍን፤ ማኅተም መታንበት፤ ይዘን ወደ ቤቷ ሄድን። የለችም። ባሏ በጠና ታሞ ድሬዳዋ አስተኝታ እያስታመመች ነበር። በሩን የከፈተችልን ልጆቹን የምትጠብቅላት ጎረቤቷ ናት፤ እሷም የማኅበራችን አባል። «ምነው ሳትነግሪን?» አልናት። «የት ላይ ልንገራችሁ? ቆመን ፈርመን አይደል የምንወጣው» አለችን። ደብዳቤውን ከቦርሳችን ሳናወጣ ተመለስን።

ቀድሞ ቢሆን ይህን በሳምንቱ እንሰማ ነበር። አቦል ላይ የገበያ ወሬ ነው፤ ቶና ላይ የልጆች ነገር ይነሣል፤ በረካ ላይ ሆዷ የባሰባት ታለቅሳለች። የአንዷ ወር ሲጎድል ሌላዋ ትሸፍንላትና በመዝገባችን ላይ ውዝፍ ሆኖ እንኳ አይታይም ነበር። እኛ ያን ሁሉ «የመስተንግዶ ወጪ» ብለን ነበር የያዝነው።

ባህል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ኅዳር 29 የሚለበሰውን ልብስ ነው። እሱማ አልጠፋም፤ እንዲያውም በዝቷል፤ ጥለቱ ባብዛኛው በማሽን የታተመ ቢሆንም። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ሲንቄ ያገባች የኦሮሞ ሴት ክብሯንና መብቷን የምታስከብርበት በትር ናት፤ ሴቶች እሷን ይዘው መሐል ሲገቡ ጠብ ይበርዳል። የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ2013 ዓ.ም. ወደ ባንክነት ሲያድግ ሲንቄ ባንክ ተባለ። የሴቶች ስም በባንክ በር ላይ መሰቀሉ ያኮራናል። ነገር ግን በስሙና በሥራው መካከል ያለው ልዩነት እንደ ሐረር ቡና እንዳይሆንብን እንሰጋለን። ስለ ወጣቶችና ስለ ቲክቶክ እንድንናገርም ተጠይቀን ነበር፤ እዚያ ላይ የእናቶቻቸውን ዘፈን የሚጫወቱ ሴት ልጆችም ስላሉ ለሌላ ጊዜ እንተወው።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። የሴት ልጅ ግርዛት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። እሱንም «ባህላችን ነው» ብለው የሚከራከሩን አሉ። እሱ ሲጠፋ ሐዘን አንቀመጥም።

እንግዲህ ለዛሬው ጉባኤ በአጀንዳ ተራ ቁጥር 6 ያቀረብነው ይህ ነው። የወርኃዊ ስብሰባ የቡናና የሆጃ ወጪ ይመለስ፤ ከደጋፊ ገንዘብ ሳይሆን ከአባላት መዋጮ ይሸፈን። ደረሰኝ ለሌላቸው ሻጮች የሚፈርሙበት ቅጽ አዘጋጅተናል፤ መጻፍ ለማይችሉት የአውራ ጣት ቦታ አለው። ቡናውንም ገለፈቱንም በማሳቸው ላይ ቡና ካስቀሩ የአባሎቻችን ቤተሰቦች እንግዛ፤ ዋጋው ከገበያ በጥቂቱ ቢበልጥም። ይህ አንድ ዛፍ ከመነቀል ያድናል አንላችሁም፤ የምንገዛው መጠን ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ እናውቀዋለን።

በኮሚቴው ውስጥ የተቃወሙ አሉ። ስብሰባው ይረዝማል፣ ጫት የሚሸጡት ገበያ ያመልጣቸዋል ብለዋል። እውነታቸውን ነው፤ ጫት ቆይ ቢሉት የሚቆይ ዕቃ አይደለም። ለዚህ ሙሉ መልስ የለንም። ቀኑን መቀየር ወይም ሰዓቱን ወደ ማለዳ ማምጣት ይቻል እንደሆነ ከእናንተው ብንሰማ ይሻላል፤ በተለይ ከሚኤሶና ከሂርና የምትመጡት፣ መኪናው የሚነሣበትን ሰዓት የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ሆጃ ይቀርባል። ገለፈቱን የገዛነው በሂሳብ ክፍል ሠራተኞች ኪስ ነው፤ በመዝገብ ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም።