የኮምፒውተርን ፍጥነት ከፋብሪካው ልክ በላይ ስለ ማሳደግ



የዛሬው ንግግራችን ስለ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ነው። ፕሮሰሰር ማለት በኮምፒውተሩ ውስጥ ሒሳቡን ሁሉ የሚያሰላውና ትእዛዙን ሁሉ የሚፈጽመው ክፍል ነው። ፋብሪካው ይህን ክፍል ሠርቶ ሲያወጣ በሴኮንድ ይህን ያህል ጊዜ እየመታ ይሥራ ብሎ ፍጥነቱን ይወስንለታል። ከተወሰነለት ልክ አልፎ እንዲሠራ ማድረግ በባለሙያዎቹ ቋንቋ ኦቨርክሎኪንግ ይባላል። በቤታቸው ኮምፒውተር ያላቸው ብዙ ሰዎች ይህን ቃል ከልጆቻቸው እየሰሙ፣ «ያለ ወጪ ፍጥነት ይገኛልን? ወይስ ዕቃውን ያቃጥለዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢዎች ናቸው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ኤ.ቲ. የተባለው ኮምፒውተር በ6 ሜጋኸርዝ ይሠራ ነበር፤ አንዳንድ ባለቤቶችም ምቱን የሚሰጠውን ትንሽ ክሪስታል ነቅለው በሌላ እየተኩ 8 ሜጋኸርዝ አደረሱት። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ የኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ ወጣ። ይህ በ300 ሜጋኸርዝ የተሸጠ ርካሽ ፕሮሰሰር፣ መሠረታዊ ምቱ ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ከፍ ሲደረግለት ብዙ ጊዜ በ450 ይሠራ ስለ ነበር ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ቢሉ፣ ፋብሪካው ፍጥነቱን የሚወስነው መጥፎ ሁኔታን አስቦ ስለ ሆነ ነው። ዕቃው በሞቃት አገር፣ አቧራ በሞላው ክፍል፣ በደካማ ማራገቢያ ለዓመታት ቢሠራም እንዳይሳሳት ጥቂት ትርፍ ይተውለታል። ኦቨርክሎኪንግ ይህን ትርፍ መብላት ነው። ዳሩ ግን የዛሬዎቹ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸውን እየለኩ ራሳቸው ፍጥነታቸውን ከፍና ዝቅ ስለሚያደርጉ፣ ለባለቤቱ የሚቀረው ትርፍ እንደ ቀድሞው ብዙ አይደለም። ደብዳቤ ለመጻፍና ሠንጠረዥ ለመሙላት ብቻ የሚያገለግል ኮምፒውተር ቢዘገይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ሳይሆን የአሮጌው ዲስክ ወይም የማስታወሻው ማነስ ነው። እንዲህ ከሆነ የሚሽከረከረውን ዲስክ በኤስ.ኤስ.ዲ. መለወጥ ከማንኛውም ኦቨርክሎኪንግ ይበልጣል።

በተጨማሪም ሁሉም ኮምፒውተር ለዚህ አይፈቅድም። ላፕቶፖችና ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች አብዛኛዎቹ የተቆለፉ ናቸው። ባይቆለፉም እንኳ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የመንግሥት ንብረት ስለ ሆነ እጅ ሊነካው አይገባም። የሚሞከረው በራስ ገንዘብ በተገዛ ዕቃ ነው፤ በዚህም ቢሆን ኢንቴልም ሆነ ኤ.ኤም.ዲ. ከልክ በላይ በማሠራት ለሚደርስ ጉዳት ዋስትናቸው እንደማያገለግል አስቀድሞ ማወቅ ያሻል።

አሠራሩን ለማስረዳት ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣውን ኮር አይ 5-2500ኬ የተባለ ፕሮሰሰር እንውሰድ። ዕድሜው ቢገፋም ነገሩ ግልጽ ስለ ሆነ ለመማሪያ ይመቻል። መሠረታዊ ምቱ 100 ሜጋኸርዝ ነው፤ ይህ በ33 ተባዝቶ 3,300 ይሆናል። በስሙ መጨረሻ ያለው «ኬ» ማባዣው ቁጥር እንዳልተቆለፈ ያመለክታል። ማዘርቦርዱም የሚፈቅድ ዓይነት ከሆነ፣ ማባዣው 42 ሲደረግ ፍጥነቱ 4,200 ሜጋኸርዝ ይሆናል ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ይመስላል። አደጋው ያለው ግን በፍጥነቱ ሳይሆን በቮልቱ ነው። ፕሮሰሰሩ በአዲሱ ፍጥነት አልረጋ ሲል፣ ጀማሪው ቶሎ ብሎ የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ግፊት ይጨምርለታል። ፕሮሰሰሩ ሲሠራ የሚያወጣው ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቱ ጋር ግን በቮልቱ ካሬ ያድጋል። ቮልቱ ከ1.20 ወደ 1.32 ከፍ ቢል ጭማሪው ከመቶ 10 ብቻ ነው። ከ3,300 ወደ 4,200 ካደገው ፍጥነት ጋር ሲባዛ ግን ሙቀቱ ከመቶ 54 ያህል ይጨምራል። እንግዲህ ከሩብ ጥቂት ያለፈ ፍጥነት የተገዛው ከግማሽ በላይ በሆነ ተጨማሪ ሙቀት ነው። ሙቀት ሲበዛ ፕሮሰሰሩ ራሱን ያዘገያል ወይም ያጠፋል፤ የቮልት ብዛት ግን ቀስ በቀስ ስለሚያስረጅ በዕለቱ አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ2024 በኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች አንዳንዶች ላይ የደረሰው ይህን ያስተምራል፤ ማንም ሳይነካቸው ከሚገባው በላይ ቮልት ይደርሳቸው ስለ ነበር ተጎድተው መሳሳት ጀመሩ፤ ኩባንያውም ማረሚያ አውጥቶ ዋስትናውን በ2 ዓመት አራዘመ።

«መሳሳት» የሚለው ቃል በቀላሉ እንዳይታለፍ እንለምናለን። ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ እስካልጠፋ ድረስ ደኅና ነው ይላል። ከልክ ያለፈ ፕሮሰሰር ግን ሳይጠፋም የተሳሳተ ውጤት ሊሰጥ ይችላል፤ ስሕተቱም ዲስክ ላይ ይጻፋል። የልጆች ፎቶግራፍ አልከፈት የሚለው፣ የዕቁብ ወይም የዕድር መዝገብ የሚበላሸው በዚያው ቀን ሳይሆን ከወራት በኋላ ሲፈለግ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ያለው ሰነድ ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ፤ ዲስኩም ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ይቀመጥ።

ከዚያ በኋላ የማራገቢያው አቧራ ይጠረግ፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል ያለው ቅባት ደርቆ ከሆነ ይታደስ። ምንም ሳይለወጥ፣ ኮምፒውተሩ በከባድ ሥራ ላይ ሳለ ሙቀቱ ስንት እንደሚደርስ ተለክቶ በደብተር ይጻፍ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ባዮስ ወደተባለው ማስተካከያ ተገብቶ ማባዣው ባንድ ቁጥር ብቻ ከፍ ይደረግ። ቮልቱን አትንኩ። ነገር ግን አንዳንድ ማዘርቦርዶች ማባዣው ከፍ ሲል ቮልቱን ራሳቸው ከሚበቃው በላይ ስለሚጨምሩ፣ ቁጥሩን ማንበብ አይረሳ። ቀጥሎ ፕራይም 95 በተባለው ወይም በመሰለው ፈታኝ ፕሮግራም ግማሽ ሰዓት ያህል ፈትኑት። እንዲህ ያለው ፕሮግራም መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ከባድ ሒሳብ እያሠራ ስሕተትን ያጋልጣል። ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ካለፈ አቁሙ፤ ፕሮሰሰሩ ከዚህ የበለጠ ሊታገሥ ይችላል፤ ጀማሪ ግን የመጨረሻውን ጠርዝ መፈለግ የለበትም። ደኅና ከሆነ ሌላ አንድ ቁጥር ጨምሩ። ኮምፒውተሩ ሲደርቅ፣ ሰማያዊ ገጽ ሲያሳይ፣ ወይም ፈታኙ ስሕተት አገኘሁ ሲል፣ ሁለት ቁጥር ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ሌሊቱን ሙሉ ፈትኑት። በዚህ ጊዜ ሁሉ የማስታወሻውን ፍጥነት አትለውጡ፤ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ከተለወጠ ጥፋቱ የየትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም።

ኮምፒውተሩ ጨርሶ አልነሣ ቢልም መደንገጥ አያስፈልግም። ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ብታወጡ፣ ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ልክ ይመለሳል።

በባሕር አጠገብ ባሉ አገሮች የተለካ የሙቀት ቁጥር ለአዲስ አበባ በቀጥታ አያገለግልም። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ ለመውሰድ ይሰንፋል። ብርዱ ጥቂት ይክሰናል፤ ነገር ግን በክረምት የተፈተነና ደኅና የተባለ ፍጥነት በመጋቢትና በሚያዝያ፣ በቀትር፣ እንደ ገና መፈተን አለበት።